ከግራፊክሱ በፊት ስኬሉን አስተካክሉ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ተራ የኮምፒውተር ጌም በቪአር መነጽር (ጌሙ ውስጥ የገባችሁ በሚያስመስለው) ለመጫወት መጀመሪያ ግራፊክሱን ከፍ አድርጉ ይላል። በዚህ አልስማማም። እኔ የምኖረው ደሴ ነው፣ የወንድሜን ክዌስት 2 የተባለ የቪአር መነጽር በኬብል ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ ነው የምጫወተው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም ነገር ጫፍ አድርሼው ጀመርኩ፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ አዞረኝና ላብ በላብ ሆኜ አወለቅኩት።

መነጽሩ በ72 ኸርዝ (በሰከንድ 72 ምስል) ሲሠራ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል በ14 ሚሊሰከንድ ገደማ ማድረስ አለበት፣ በ90 ኸርዝ ደግሞ በ11፣ ያውም ለሁለት ዓይን። ስለዚህ ጥላውን ቀንሱ። ሞሽን ብለርን (ስትንቀሳቀሱ ምስሉን የሚያደበዝዘውን) እና የካሜራ መንቀጥቀጥን ጭራሽ አጥፉ።

ዩኢቪአር የሚባለው ነፃ ሞድ (ጌም ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) አንሪል ኢንጂን 4 እና 5 በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠሩ ብዙ ጌሞችን ወደ ቪአር ይቀይራል። እሱ ላይ ትልቁ ነገር ወርልድ ስኬል፣ ማለትም የጌሙ ዓለም ለዓይናችሁ የሚታይበት መጠን ነው፤ ካልተስተካከለ ሰዉ አሻንጉሊት ያክላል፣ ወይ ደግሞ ተራ አጥር የጦሳን ተራራ ያህል ይገዝፍባችኋል። እኔ ጌሙ ውስጥ በር አጠገብ እቆምና እጀታው ወገቤ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቁጥሩን ቀስ እያልኩ እቀይራለሁ። ጥላው ወይም መብራቱ በአንዱ ዓይን ብቻ ከታየ የሞዱን የምስል አሠራር ምርጫ ከኔቲቭ ስቴሪዮ ወደ ሲንክሮናይዝድ ሲክዌንሻል ቀይሩት፣ ለኮምፒውተሩ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ችግሩን ብዙ ጊዜ ይፈታል።

ኦንላይን ጌም ላይ ግን አትሞክሩት፣ አካውንት ሊያሳግድ ይችላል። ሲያዞራችሁም ወዲያው አውልቁ፣ እለምደዋለሁ ብላችሁ አትታገሉ። አብሽሩ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትጫወቱ ብዙ ጊዜ ይለመዳል።