ይድረስ ለባለ ቪትዙ በጎ አድራጊ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከግራ ጉልበቴ በስተቀር፣ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የወንበርዎን ጀርባ ቅርፅ ይዞ ቀርቷል።

የምጽፍልዎ ለመክሰስ አይደለም፤ ለማመስገን ነው። ትናንት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ዞሮ ዞሮ ዳቦ ቤቱ በር ደርሶ ነበር። ሚኒባስ የለም። ባቡሩም እንደሚያውቁት በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቃሊቲ ላይ ቆመ፤ እኛ ጋ ለመድረስ እስካሁን ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው። ይሄኔ እርስዎ ብቅ አሉ። መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ "ሜክሲኮ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!"

ሮጥኩ። ገባሁ። ውስጥ ማንም የለም።

"አንድ ሰው" ማለት አንድ ሰው፣ ከዚያ አንድ ሰው፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ማለት እንደሆነ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ገባኝ። ከኋላ አራት ሆንን። ሚስቴ "የቤት መኪና እንዳትገባ፣ ሿሿ ይሠሩሃል" ትለኛለች። እርስዎን ስለማታውቅ ነው። ሌባ እጁን ኪስ ለመክተት ክፍተት ይፈልጋል፤ እርስዎ ጋ እኔ ራሴ እጄን ኪሴ መክተት አቅቶኛል።

"የሥራ መኪና አይደለችም፤ ባዶዬን ከምሄድ ብዬ ነው" ሲሉን ልቤ ተነካ። ከጎኔ ያሉት እናት "ጽድቅ ነው ልጄ" ብለው መረቁዎት። እርስዎም አሜን ብለው ሲያበቁ "መቶ መቶ አውጡልኝ" አሉን። የታክሲው እጥፍ መሆኑ ነው። ጽድቅም ዋጋ መጨመሩን አልሰማሁም ነበር።

ቃሊቲ ጋ ትራፊኩን ከሩቅ ሲያዩት ድምፅዎ ተቀየረ። "ዘመዳሞች ነን በሉ፤ ለቅሶ ነው የምንሄደው።" ሰሌዳዎ ኮድ 2 ነው፣ በሰማያዊ የተጻፈ። በሒሳብ ሰው መጫን እንደማይችሉ እርስዎም፣ እኛም፣ ትራፊኩም እናውቃለን። በሃያ ሜትር ውስጥ ቤተሰብ መሠረትን። እናትየዋ አክስት ሆኑ። ፊት የተቀመጠው ኢርፎን የሰካ ወጣት ታናሽ ወንድምዎ ሆነ። ለእኔ የአክስት ልጅነት ደረሰኝ። የቀሩት ሁለቱ በየትኛው ወገን እንደሚዛመዱን ሳይወሰን መኪናው ቆመ።

ትራፊኩ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ወንድምዎን ጠየቀው፦ "ሹፌሩ ማን ይባላል?"

ልጁ ኢርፎኑን ነቅሎ "የቱ ሹፌር?" አለ።

አለቀልን ስል አክስቴ ደረሱ። ነጠላቸውን መቼ እንዳዘቀዘቁት አላየሁም። "እኛማ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፣ የእኔ ልጅ" አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። እንባም ነበራቸው። ማን እንደሞተብን ሳላውቅ እኔም ሆዴ ባባ። ትራፊኩ "ነፍስ ይማር" ብሎ አሳለፈን።

ሳሪስ አቦን ሳናልፍ አክስቴ "እንግዲህ በዘመድ ሃምሳ ይሁንልኝ" አሉ።

"እማማ፣ ዝምድናው ቃሊቲ ቀርቷል" አሉ እርስዎ፣ መቶዋን እየተቀበሉ። ከዚያ ሜክሲኮ ብለው የጫኑንን ሰዎች "ወደዚያ መንገዱ ዝግ ነው" ብለው ጎተራ ላይ አራገፉን። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሳዘግም መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ይሁን፤ ከዘመድ ጋር በዚህ አንጣላም።

ነገም 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያገኙኛል። ቢቻል አክስቴን ከፊት ያስቀምጡልኝ፤ ወንድማችን ወደ ኋላ ይምጣ። ትራፊኩ ያው የትናንቱ ከሆነም ግድ የለም፣ ሰልስት ነው እንላለን።

አክባሪዎ፣
የአክስትዎ ልጅ