ግራፉን ያላስደነገጠ ሕዝብ

አዳማ ላይ ዋንጫ የሚሰጥ አካል ካለ ዘንድሮ ለእኛ ለታማሚዎቹ ይስጠን። ሩጫ አልሮጥንም፣ ኳስም አልመታንም። የሠራነው ትልቅ ሥራ፣ የበሽታ ቅኝት የሚባለውን አገር ያህል መዋቅር በትኩሳታችን ሳናስቸግረው ማሳረፋችን ነው።

የማያውቅ ካለ ላስረዳ። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የወባ መከታተያ ግራፍ ይለጠፋል። ለእያንዳንዱ ሳምንት ያለፉት 5 ዓመታት የሕሙማን ቁጥር ይወሰድና ከትልቁ ቀጥሎ ያለው ይመረጣል፤ የማስጠንቀቂያው መስመር የሚሰመረው በእሱ ነው። ሳምንቱ ሰኞ ይጀምርና እሑድ ያልቃል፤ ተመርምሮ ወባ የተገኘበት ሰው ሁሉ ይደመርና አንዲት ነጥብ ትቀመጣለች። ነጥቧ መስመሩን ከዘለለች ወረርሽኝ ተጠረጠረ ማለት ነው፤ ስልክ ይደወላል፣ መኪና ይነሳል፣ ኃላፊ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። ይህን ሁሉ ግርግር ማን ይፈልጋል? ነጥቧ ከመስመሩ በታች በሰላም እንድታድር ያደረግነው እኛ ነን። ዘዴው ቀላል ነው፤ አለመመርመር።

አንዱ ሰውነቱን ሲያንዘፈዝፈው መጀመሪያ የሚሰየመው የቡናው ጉባኤ ነው። አቦሉ ሲቀዳ አንዷ «ምች ነው» ትላለች። ቶናው ላይ ሌላዋ «ኧረ ብርድ ነው፤ ትናንት ላቡ ሳይደርቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ» ትላለች። በአዳማ ፀሐይ ብርድ መመታት ራሱን የቻለ ተሰጥኦ መሆኑን ማንም አያነሳም። በረካው ላይ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። እነዚህ ሁለቱ በእኛ ሰፈር ተለያይተው ሰው ይዘው አያውቁም፤ እንደ መንታ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሸኛሉ።

ከዚያ ዳማከሴው ይጨመቃል፤ ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ይታሻል። በዳማከሴ ላይ ክፉ አይወጣኝም፤ ሽታው ራሱ ግማሽ ፈውስ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፦ ሪፖርት አያደርግም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልበረደ ወደ ፋርማሲ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣትን መወጋትና ሩብ ሰዓት ያህል ውጤት መጠበቅ የሥራ ፈት ነው። የፋርማሲው መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ «ዶክተርዬ» ብለን እንሾማትና፣ ራሳችን መርምረን ራሳችን እናዝዛለን፦ «ኳርተም ስጪኝ፤ ከሱ ጋር ለቁርጥማት ዲክሎፌናክ ጨምሪበት»። ኳርተም የወባ መድኃኒት ነው፤ የአዋቂው በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ በጠቅላላው 24 ፍሬ ነው። እኛ ግን ቁጠባ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ላብ ጠብ ሲልልን በሁለተኛው ቀን እናቆምና ቀሪውን ለክፉ ቀን፣ ለልጅ ወይም ለጎረቤት እናስቀምጣለን። ጥገኛ ተሐዋሲው ግማሽ መድኃኒት ቀምሶ እንዲጠነክር ዕድል መስጠትም የእኛ ቸርነት ነው። ያልተመረመረ ሰው የያዘው የወባ ዓይነት ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ አይታወቅም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲመለስ «ምቹ አገረሸበት» ብለን በክብር እንቀበለዋለን።

ወባ ሳይሆን ደንጌ የሚባለው ሌላው የትንኝ ትኩሳት ከሆነስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ አንጠይቀውም። ለደንጌ ኳርተም ምንም አይፈይድም፤ ዲክሎፌናኩ ደግሞ የመድማት አደጋን ሊያባብስ ስለሚችል ሐኪሞች ይከለክሉታል። ለደንጌ የሚታዘዘው ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽና የቅርብ ክትትል ነው። ይህ ግን እንደ መርፌ አያረካም። ካልተወጋን መች ታከምን?

የቅኝቱ ሰዎችም አንዳንዴ ያሳዝኑኛል። እንደ ቢጫ ወባ ላሉት ወዲያውኑ ሪፖርት ለሚደረጉ በሽታዎች ያወጡት ሕግ አለ፦ ጥርጣሬው ከጤና ተቋም ወደ ወረዳ በ30 ደቂቃ፣ ከወረዳ ወደ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እርከን በ30 ደቂቃ ያሳልፍ ይላል። 30 ደቂቃ! በ30 ደቂቃ እኮ አቦሉ እንኳን አይወርድም። እኛ ትኩሳቱን ቤት ውስጥ ሳምንት አሳድረን፣ ምች ነው ብርድ ነው ተባብለን ስናበቃ፣ እነሱ በደቂቃ ይሽቀዳደማሉ። ቢምቢ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ እኛ የምንደብቃት ሳምንት ለአንድ ትውልድ የተሰጠች የወሊድ ፈቃድ ናት።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቅጿን ይዛ በር ስታንኳኳም አናሳፍራትም። «እንዴት ናችሁ፣ የታመመ ሰው አለ?» ስትል ምን ይባላል? እዚያው ጓዳ ውስጥ አንዱ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ እኛ በር ላይ ቆመን «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ጨዋ ቤት ሕመሙን አያወራም። እሷም «ዜሮ» ብላ ትጽፋለች። በቅኝት ሥራ ዜሮ ትልቅ ነገር ነው፤ ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው። የእኛው ዜሮ ግን ተገኝቶ ያልተነገረ ነው፤ ቅጹ ላይ ሁለቱም እኩል ያምራሉ።

እንግዳ ተቀባይነታችንም ሳይመሰገን አይታለፍ። ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ እኛው አገር ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። አዋሽ ሰባት ኪሎም ታይታለች። በ2022 ድሬዳዋን የመታው የወባ ወረርሽኝ በእሷ አማካኝነት እንደተስፋፋ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እንደ ነባሯ ትንኝ ረግረግና ኩሬ ፍለጋ አትንከራተትም፤ ከተሜ ናት። በርሜል፣ የውሃ ታንከርና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። የጅቡቲው መንገድ ደግሞ መሃላችንን ሰንጥቆ ያልፋል። እኛ ከፍራንኮ እስከ ገንደ ሀራ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉን ሞልተን ክዳኑን ለዶሮ ማጠጫ አውለነዋል። ጎሚስታ ቤቶቻችንም አሮጌ ጎማ ደርድረው የዝናብ ውሃ ያቁሩበታል፤ ደንጌና ቺኩንጉንያ ለምታስተላልፈው፣ በቀን ለምትነክሰዋ ኤዴስ ለምትባለው ትንኝ ከዚህ የተሻለ መኝታ የለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አስተናግዳለች። እኛ ከድሬ በምን እናንሳለን?

አጎበሩስ? ችግኝ ሸፍኗል።

ስለ ሆቴሎቻችን ካልተናገርኩ ግን ከተማዬን አላውቃትም ማለት ነው። አዳማ የሥልጠና ዋና ከተማ ናት። ስለ ወረርሽኝ ቅድመ ማስጠንቀቂያም እዚህ ይሠለጠናል። ሠልጣኙ ቀን በአዳራሽ ውስጥ የግራፍ አሳሳል ይማራል፤ ሲመሽ አበሉን ይዞ አትክልቱ ሥር፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክትፎ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ያኔ ቢነከስ ትኩሳቱ የሚጀምረው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አገሩ ገብቶ ነው። እሱ የሰለጠነ ስለሆነ ይመረመር ይሆናል፤ ነጥቡ ግን የሚቀመጠው በሌላ ከተማ ግራፍ ላይ ነው። የእኛዋ መስመር እንደጠራች ትቀራለች። ወደ ውጭ መላክ ማለት ይህ አይደል?

በእርግጥ ዲሲፕሊን የጎደላቸው ወገኖች አሉን። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። እነዚህ እንግዲህ ጉባኤውን ሳያስፈቅዱ ጤና ተቋም የሄዱት ናቸው። የእኛ ዓይነቱ አልተቆጠረም። በ1958 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ያጠቃው ወባ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ዛሬም የሚነገረው በግምት ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ግራፍ አልነበረም። ዛሬ ግራፉ አለ፤ እንዲገመት ለማድረግ የምንለፋው እኛ ነን።

ይህ ሁሉ ልፋት ግን አንድ ቀን ይከሽፋል፤ የምች ሕሙማን በዝተው ድንገተኛ ክፍሉን ያጣብባሉ፣ ነጥቧም በአንድ ሳምንት መስመሩን ጥሳ ትወጣለች። ያን ቀን ደግሞ ሌላው ችሎታችን ይገለጣል። ፌስቡክ ላይ ወጥተን «ጤና ቢሮ የት ነበር? አስቀድሞ ያላስጠነቀቀን ለምንድን ነው?» ብለን እንጽፋለን። ጋሼም በረካው ላይ «ድሮ እኮ ቤት ለቤት ነበር የሚጠይቁት» ይላሉ። ከዚያ ተሰልፈን ፋርማሲ ስንደርስ ዶክተርዬ «ኳርተም አልቋል» ትለናለች። ነጋዴ ደብቆት ነው ብለን እያማረርን እንመለሳለን፤ በየመሳቢያችን ደግሞ ተጀምሮ የቀረ ፓኬት አለ።