ግንባር ዳብሶ መመለስ ይብቃን

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ከራሴ ስለሚጀምር ቅር አይበላችሁ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ሦስት ስኒ ቡና ካልጠጣች ቀኑ የማይነጋላት ሴት አንድ ጠዋት ጀበናው ቀርቦላት አቦሉን እንኳ ሳትነካው ቀረች። ቀትር ላይ እኔን በሞተው ወንድሟ ስም ጠራችኝ። ግንባሯን ዳበስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። «ትኩሳት የላትም፣ እርጅና ነው» ብዬ ወደ በርጫዬ ሄድኩ። አዎ፣ ወደ በርጫዬ። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ስትወድቅ ነው ባጃጅ የጠራነው። ነርሷ የእናቴ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ሰካችና ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ «ከጀመራት ስንት ቀኗ ነው?» አለችኝ። «ሦስት» ማለት አፈርኩና «ከትናንት ወዲህ ነው» አልኳት። የሳንባ ምች ነበር።

ይህን የሠራሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። ግን ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ በየቤቱ የምሰማው ይኸው ነው፦ «ጃጅታለች»፣ «ዕድሜ ነው»፣ «ብርድ ነክቷት ነው»። ወገኖቼ፣ መጃጀት በሦስት ቀን አይመጣም! እስከ ሰኞ ደህና ሲጫወቱ የነበሩ አባት ረቡዕ ቀን ከተምታታባቸው በሽታ ገብቷል ማለት ነው። ትኩሳት ደግሞ ሰውነት ለመከላከል ሲነሳ የሚለኩሰው እሳት ነው፤ የአረጋዊ ሰውነት ያን እሳት እንደ ወጣት አያነደውም። ወትሮ ሙቀታቸው 36 የሆነ ሽማግሌ 37.3 ቢደርሱ፣ ለእኔና ለእናንተ ምንም ነው፣ ለእሳቸው ግን ትኩሳት ነው። በእጅ መዳፍ ይህ አይታወቅም፤ በድሬ ሐሩር ደግሞ የማን ግንባር ነው የማይሞቀው?

ነገሩን በራሳችን ሸመንደፈር፣ በምድር ባቡራችን፣ ልንገራችሁ። ከደረት አጥንታችን ኋላ ታይመስ የሚባል እጢ አለ፤ ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሙያ የሚማሩበት ወርክሾፕ በሉት። ይህ ወርክሾፕ ከጉርምስና በኋላ እየኮሰመነ ይሄዳል፣ ቦታውንም ስብ ይወርሰዋል። አዲስ ተለማማጅ መግባቱ ይቀንሳል፤ የሚበዙት የድሮ ባለሙያዎች ይሆናሉ። እነሱ በልጅነት የታገሉትን ኩፍኝ፣ አሮጌ መካኒክ የናፍጣውን ሎኮሞቲቭ በድምፁ ብቻ እንደሚለየው፣ ገና ከሩቅ ያውቁታል። አይተውት የማያውቁት በሽታ ሲመጣ ግን፣ ያው መካኒክ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ፊት እንደሚቆመው፣ መፍቻቸውን ይዘው ይቆማሉ። ኮሮና በ2012 ሲመጣ አዛውንቶቹን ለይቶ የጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክትባትም ቢሆን በእነሱ ላይ እንደ ወጣቱ አጥብቆ አይዝም፤ ስለዚህ እያሳላችሁ ለዓረፋም ለፋሲካም ብላችሁ አያታችሁን አገላብጣችሁ አትሳሙ። ከበር ላይ ሰላም ብትሏቸው አይከፉም፤ ቢከፉም ይሻላል።

አሁን ደግሞ የምንደብቀውን ላንሳ። አልማዝ ባለጭራ። በአንድ ጎን፣ ወገብ ላይ ወይ ደረት ላይ፣ እንደ ቀበቶ ተሰልፎ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል። በኤች አይ ቪ ዘመን ስሙ ስለጠፋ ዛሬም ድረስ የ70 ዓመት እናት ላይ ሲወጣ ቤተሰብ መጋረጃ ይጥላል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይንሾካሾካል። ቅጠል ይቀጠቀጣል፣ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል። እውነቱ ሌላ ነው። በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ ሳይወጣ ነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖራል፤ የሰውነት መከላከያው ከዕድሜ ጋር ሲላላ ይነሳል። ይኸው ነው፤ ሐሜት የሚሻ ነገር የለውም። ኤች አይ ቪም መከላከያን ስለሚያዳክም ሐኪም ምርመራ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሕመምተኛን መሸሸግ ነው። የቫይረሱ መድኃኒት ቁስሉ በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። እናንተ ግን ሦስቱን ቀን በይሉኝታ ታሳልፉታላችሁ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ቀሚስ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥለው ሕመም በአረጋውያን ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል።

የውሃውን ነገር ብዙ አልናገርም፣ ታውቁታላችሁ። በ2011 ክረምት የገባው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያዘብን፤ ጉልበቱን ይዞ ያላነከሰ ሰው ያልነበረበት ሰፈር አላስታውስም። ትንኟ የምትራባው ቧንቧ ይጠፋል ብለን በምንሞላው በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉ ዛሬም ክዳን የለውም። አንድ ክዳን ስንት ያወጣል፣ አቦ?

ምግቡስ? ጥርስ የላቸውም ብለን ጠዋትም ማታም ሻይ በዳቦ። መከላከያ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ሽሮውን አቅጥናችሁ፣ እንቁላሉን አድቅቃችሁ፣ ፉሉን ፈጭታችሁ ስጧቸው። ሲያስሉ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ለምናችሁ አታስውጧቸው። ለቁርጥማት እየተባለ በእጅ የሚዞረውን ስሙ የማይታወቅ ክኒንማ ተዉት፤ ከክኒኖቹ መካከል ያለቻቸውንም መከላከያ የሚያፍን፣ ትኩሳትንም የሚሸሽግ አለ።

እናቴ ተርፋለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ከዘራ ግቢውን አትሻገርም። ቴርሞሜትር ገዝቼ ጠዋት ጠዋት ከአቦሉ በፊት ብብቷ ሥር አደርግላታለሁ፣ ቁጥሩን በር ላይ በተለጠፈው ካላንደር እጽፋለሁ። «በስተርጅናዬ ዶክተር ወለድኩ» እያለች ትስቅብኛለች። ዛሬ 36.2 ነበር፤ በረካውንም ጠጥታለች።