የውሃችን ልክ ሲወሰን ወንበራችሁ ባዶ አይሁን

የድሬዳዋ ሰዎች፣ ስለ ውሃችን ስናማርር የሚስተካከለን የለም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት እናሳያለን፣ ሳሙናው አላረፋ አለን እንላለን፣ ቧንቧው ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ከሰፈር ሰፈር እንዞራለን። ቅሬታው እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። የምቆጣችሁ በምታነሡት ሳይሆን በማታነሡት ነገር ነው። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የትኛው በካይ እስከ ምን መጠን ይፈቀድ የሚለው ጥያቄ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ የእኛ ድምፅ የለም።

በተገኘሁበት አንድ የውሃ መድረክ ላይ የተነሣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ፈረቃና ስለ ቆጣሪ ንባብ ነበር። የላቦራቶሪ ውጤት የያዘ ወረቀት ታደለ። አዳራሹ ይሞቅ ስለነበር ሰዉ በወረቀቱ ያራግብ ጀመር። ከመስመሮቹ አንዱ ናይትሬት የሚባለውን በካይ ስም ይዟል፤ ከጎኑ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ አንዱ የተፈቀደው፣ አንዱ የተገኘው። ሁለቱን ያስተያየ ሰው አላየሁም። ተጨብጭቦ ተበተንን።

ወገኖቼ፣ ያ ነጭ ቅርፊት ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ እነዚህ ማዕድናት ይበዙበታል፤ ከባድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ዕቃ ያበላሻል፣ ሳሙና ይጨርሳል፤ ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ክብደት ጤናን መነሻ ያደረገ ጣሪያ አላስቀመጠለትም። ናይትሬት ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በከተማው ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ እንዳገኙት ደጋግመው ጽፈዋል። የተፈቀደው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም፣ የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከየት መጣ ካላችሁ በአብዛኛው ከእኛው ነው። የምንኖርበት መሬት አሸዋና የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ነው፤ ከላይ የፈሰሰበትን ወደ ታች ለማሳለፍ አይዘገይም። መጸዳጃ ጉድጓዶቻችንን የቆፈርነው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ሳቢያን ሰፈር ያሉት የውሃ ጉድጓዶች ዙሪያቸው መንደር ሆኗል። «አባቶቻችን ይህንኑ ውሃ ጠጥተው ኖረዋል» የምትሉ ሽማግሌዎቼ፣ አክብሬያችሁ እመልሳለሁ፦ አባቶቻችን ሲጠጡት ከተማዋ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከዚራና መጋላ ያን ጊዜ የነበራቸውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ብዛት ከዛሬው ጋር ማን ያወዳድረዋል? የምንጠጣው እነርሱ የጠጡትን አይደለም።

አሁን ደግሞ ለእናቶች። ጡት አልበቃ ብሏት ለሕፃኗ የዱቄት ወተት የምትበጠብጥ እናት አስቡ። ጠንቃቃ ናት። ውሃውን ከሰል ላይ ትጥዳለች፣ እስኪንተከተክ ትጠብቃለች፣ ጀርም እንዳይተርፍ ብላ ደጋግማ ታፈላዋለች። ጀርሙ ይሞታል። ናይትሬቱ ግን አይሞትም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ እየበዛ ይሄዳል። ክሎሪንም አያጠፋውም። ናይትሬት የበዛበት ውሃ ገና ወራት ባልሞላው ሕፃን ሆድ ሲገባ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ይባስ ሲልም ይሞታል። 50 የሚለው ቁጥር የተቀመጠው በጡጦ ለሚያድገው ለዚህ ሕፃን ተብሎ ነው። እንግዲህ ይህች እናት ያጠፋችው ምንድን ነው? የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። የሰፈሯ ጉድጓድ ስንት እንደሚያሳይ የነገራት የለም፤ እንዲነገራት የጠየቅንላትም የለንም። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ዝምታችን ኃጢአት ይመስለኛል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን?» የሚለውን ምክንያት ደጋግሜ እሰማለሁ። ባለሙያውን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ስሙኝ። ለብዙዎቹ ኬሚካሎች መነሻው በእንስሳት ላይ በሚደረግ ሙከራ ጉዳት ያላደረሰው መጠን ነው። ያ መጠን ለጥንቃቄ ሲባል ይካፈላል፤ ብዙ ጊዜ ለ100። ከዚያ አንድ ሰው በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣል ተብሎ ይገመታል። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 2 ሊትር ይጠጣል ብሎ ነው የሚነሣው።

ሁለት ሊትር! ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጆንያ የሚሸከመው ወዛደር፣ ፀሐይ ላይ ስሚንቶ የሚያቦካው የቀን ሠራተኛ፣ ባጃጅ ውስጥ ሲነድ የሚውለው ወጣት ሁለት ሊትሩን ከቀትር በፊት ይጨርሰዋል። ብዙ የጠጣ ሰው ብዙ በካይ ይወስዳል። ድርጅቱ ራሱም ለዚህ በር ከፍቷል፤ ለምሳሌ የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይሁን ሲል አገሮች የራሳቸውን ደረጃ ሲያወጡ የአየሩን ጠባይና ሕዝቡ የሚጠጣውን የውሃ ብዛት እንዲያስቡበት መክሯል። ታዲያ የድሬዳዋን ሙቀት ማን ይናገርለት? የአዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ተቀምጦ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ላቡ ሲንጠፈጠፍ አይታየውም። ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ኬሚስትሪ ሳትማሩ የምታውቁት እውቀት ነው።

ቁጥሩ ከሰማይ የወረደም አይደለም። አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ተመልከቱ። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከኮሌራና ከተቅማጥ ለማዳን በሚል ሚሊዮኖች የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። አርሴኒክ ይኖርበት ይሆን ብሎ አስቀድሞ የመረመረ አልነበረም፤ መርዙ በሰፊው ሲታወቅ ብዙ ሰው ለዓመታት ጠጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ሲሆን ባንግላዴሽ 50ን ይዛ ቆየች። አሜሪካም 50 ላይ ነበረች፤ ወደ 10 ለማውረድ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። መርዙ አንድ ነው፣ የሰው ልጅ አካልም አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከወጪ፣ ከአቅምና አንገብጋቢ ነው ብሎ ከሚጮኸው ሕዝብ ብዛት ነው። እዚያው አሜሪካ፣ ፒፋስ ለሚባሉት በቀላሉ ለማይበሰብሱ ኬሚካሎች ገደብ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2023 ረቂቅ ሲቀርብ ከ120 ሺህ በላይ አስተያየት ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ደንቡ ጸደቀ። ያን ሁሉ የጻፉት ኬሚስቶች ብቻ አልነበሩም።

እኛ ፈሪዎች ወይም ግድ የለሾች ሆነን አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድ ማን ቤቱ ተቀመጠ? ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል፣ ኦሮሞ ሶማሌ አማራ ሐረሪ ሳይባል ሁሉም ወጥቶ ነበር። ጎርፍ እያገሳ ስለሚመጣ ያስነሣናል። ድምፅ የሌለው ሲሆን ግን እንተኛለን። ታመን፣ ልጅ ቀብረን ከሆነ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ መሆን ነው።

ሐረር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃችሁ ከእኛው ቆላ፣ ከአሰሊሶ ተስቦ ዳገቱን ወጥቶ መጥቶላችኋል። በዚህ ቆላ ከርሰ ምድር ውስጥ የሚገባው ነገር እናንተም ዘንድ ይደርሳል። አብራችሁን ተነሡ።

መብቱ ደግሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሆነ ሥራ ላይ ሲውል የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደነግጋል። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመጣ ይመለስ በሉ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፎ ካልቀረበልን ምክክር ተደርጓል ሊባል አይገባም። እናቶች የማይደርሱበት ሰዓት ከተቀጠረ ሰዓቱ ይቀየር በሉ። የገጠር ቀበሌ ሰው ካልተጠራ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ከኩሬና ካልተከለለ ጉድጓድ የሚቀዳው እርሱ ነውና።

ከምትጠይቁት ጋር የምትከፍሉትም አለ። መጸዳጃ ቤታችሁ ሲሞላ ሌሊት ጠብቃችሁ ወደ አሸዋው የምትለቁ፣ ይህን ተዉ። ሆቴልና ፋብሪካ ያላችሁ ባለ ሀብቶች፣ ፍሳሻችሁ የት እንደሚገባ ተከታተሉ፤ እናንተም የምትጠጡት ከዚሁ መሬት ነው። ለውሃ መኪና የሚከፈል ብር ያላችሁ በታሸገ ውሃ እንተርፋለን ብላችሁ አትራቁ። የቤት ሠራተኛችሁ፣ ዘበኛችሁና ልጆቻቸው የሚጠጡት ከቧንቧ ነው።

በሚቀጥለው መድረክ ላይ ስለ ፈረቃው ጠይቁ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁን አውጥታችሁ ይህንንም ጠይቁ፦ የእኔን ሰፈር የሚያጠጣው ጉድጓድ የትኛው ነው? ናይትሬቱ ስንት ነው? መቼ ተለካ? ከልኩ ካለፈ እስኪስተካከል ድረስ ሕፃን ያላት እናት ውሃ ከየት ትቅዳ? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን በሉ፤ ቀኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፣ በየዕድራችሁም አንብቡት።