ውሃ ማብዛት ጨውን አጥቦ አያወጣም

ስለ ጨው በሚጻፉ አስተያየቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው ሐሳብ፣ ጨው ያበዛ ሰው ብዙ ሊትር ውሃ ቢጠጣበት ኩላሊቱ ጨውን አጥቦ ያስወጣለታል የሚል ነው። በቅንነት የተጻፈ መሆኑን ባልጠራጠርም እርማት ያስፈልገዋል። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ደም ይመልሳሉ፤ ከሚመለሰው ውስጥ የውሃውን መጠን በዋናነት ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን፣ የሶዲየሙን (የጨው ዋና ክፍል የሆነውን ንጥረ ነገር) ደግሞ በተለይ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ይቆጣጠራሉ። ስለዚህ ብዙ ውሃ ስንጠጣ ቫሶፕሬሲን ይቀንስና ሽንታችን ይበዛል፣ ይቀጥናልም፤ አብሮት የሚወጣው ጠቅላላ ጨው ግን እምብዛም አይጨምርም። ሽንት ውሃ መስሎ መንጣቱም ውሃ መትረፉን እንጂ ጨው መውጣቱን አያሳይም፤ ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የ24 ሰዓት ሽንቱን አጠራቅሞ ሶዲየሙን በላቦራቶሪ ማስለካት ይችላል።

እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ምክሩን ተከትሎ የሚመጣው ጉዳት ነው። ጤነኛ ኩላሊት እንኳ በሰዓት ማስወገድ የሚችለው ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ለሰዓታት የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም በትርፉ ውሃ ቀጥኖ ከጤናማው ዝቅተኛ መጠን ማለትም በሊትር ከ135 ሚሊሞል በታች ወርዶ ለራስ ምታት፣ ለመደናገር፣ ሲብስም ራስን ለመሳት ሊዳርገው ይችላል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ የሚጠጣውን መጠን ሐኪሙን ሳያማክር ባይጨምር ይሻላል።