ሸክላው መስታወት ውስጥ፣ ሠሪዋ ደጅ

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ የሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአገሬው ተወላጆች ቅርሶች የሚታዩባቸውን ሁለት ትልልቅ አዳራሾች ዘጋ። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምም አንዳንድ የመስታወት ሳጥኖቹን ሸፈነ። ምክንያቱ በዚያው ወር ሥራ ላይ የዋለ የፌዴራል ደንብ ነው። በ1990 የወጣውን የተወላጆች መቃብርና ቅርስ ጥበቃ ሕግ ያጠናክራል። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞች የተወላጆችን አፅም፣ ከሟች ጋር የተቀበረ ዕቃ ወይም ንዋየ ቅድሳት ለዕይታ ከማቅረባቸው በፊት የሟቾቹን ዘሮች ወይም ነገዱን ማስፈቀድ አለባቸው።

ዜናው ደስ አሰኝቶኛል። እኔ የማስበው ግን እዚህ ሐዋሳ ስላለው ነገር ነው። አንድ የሲዳማ ሽማግሌ «ይህ ዕቃ በዚህ መልኩ ለሰው አይታይም» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? መጀመሪያውኑስ ማን ይጠይቃቸዋል?

የቅርስ ወሬ ሲነሳ ቶሎ መቅደላ ላይ እንደርሳለን፣ ልክም ነን። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከዘረፈው መካከል 11 ታቦቶች እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም እጅ ናቸው። ለዕይታ አይቀርቡም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩዋቸውም። ታዲያ ለምን ይያዛሉ? የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ከስብስባችን ዕቃ እንድናወጣ አይፈቅድም ይሉናል። ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ነው፣ ፓርላማ ያወጣውን ፓርላማ ያሻሽለዋል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ በ2018 የመቅደላን ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ውሰት ልንሰጣችሁ እንችላለን አለ። የተዘረፈ ሰው የገዛ ንብረቱን አይዋስም። ይመለሱ፣ አለቀ።

የኔ ጥያቄ ከመመለሱ በኋላ ያለው ነው። ተመልሰው እንዴት ነው የምናሳያቸው? የአውሮፓ ሙዚየሞች የራሳቸውን ሠዓሊ ከነስሙና ከነትውልድ ዘመኑ ሲጽፉ ኖረው፣ የአፍሪካውን ቀራጭ ግን የነገዱን ስምና «እንጨት» የሚል ቃል ጽፈው ያልፉታል። ሰውየው የለም። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ይህን አልክድም። ግን የሙዚየሙን አሠራር ከነመግለጫ ወረቀቱ ከእነሱ ነው የወሰድነው። እዚህ ከተማችን ባየኋቸው ኤግዚቢሽኖች ላይ በብዛት የማነበው «የሲዳማ ብሔረሰብ ባህላዊ መገልገያ» የሚል ነው። ማን ሠራው? የት ቀበሌ? መቼ? ተገዛ፣ ተሰጠ ወይስ ተወሰደ? ምንም የለም።

የኮንሶን ዋካ አስቡ። ለጀግና ወይም ለተከበረ ሰው መታሰቢያ ተብሎ ከእንጨት ይቀረፃል። ሟቹ መሀል ላይ ይቆማል፣ ሚስቶቹ፣ ያሸነፋቸው ጠላቶችና የገደላቸው አውሬዎች አብረውት ይቆማሉ። መሀል የቆመው የሚታወቅ ሰው ነው፣ የሚያስታውሰው ቤተሰብ አለው። ሌባ ነቅሎ ሲሸጠው ግን ስም የሌለው «የአፍሪካ ቅርፃቅርፅ» ሆኖ ሰብሳቢ ሳሎን ይገባል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 በዩኔስኮ መመዝገቡ ጥሩ ነው፣ ግን ምዝገባው ብቻውን ይህን አያስቆምም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የሸክላ ሠሪዎቹ ነገር ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ፍቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜም፣ ቡርሳሜው የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ ሻፌታም ኩራታችን ሆነዋል። ይገባቸዋልም። ግን በሲዳማ ሸክላ በመሥራት የሚታወቁት ሀዲቾዎች፣ እንደ ቆዳ ፋቂዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ ሁሉ፣ ለዘመናት ሌላው ከእነሱ ጋር ሳይጋባ ተገልለው የኖሩ ናቸው። ሸክላውን መስታወት ውስጥ አስገብተን ሠሪዋን ደጅ ካቆምናት ምኑን ባህል አከበርነው? ይህንን እንግሊዝ አላደረገብንም። እኛው ነን። እና አንድ መግለጫ ወረቀት ላይ እንኳ ይህ ታሪክ ተጽፎ አላየሁም።

በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻላል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየም ዕቃዎቹን ያደራጀው በብሔር ከፋፍሎ ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው፣ ከልጅነት እስከ ሞት። ስታየው ዕቃው ሥራ ያለው፣ ሰው የሚይዘው ነገር መሆኑ ይገባሃል። ያም ቢሆን ግማሹን መንገድ ነው የሚወስደን፤ ምን ይታይ፣ ምን አይታይ የሚለውን አሁንም ባለሙያ ነው የሚወስነው።

ሲዳማ በ2020 ክልል ሲሆን ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች፣ የባህል ሥራው ውሳኔም ቀረበን። ስለዚህ «አዲስ አበባ እንዲህ አለ» የሚባል ምክንያት የለንም። መግለጫው በሲዳምኛና በአማርኛ ይጻፍ፣ የሠሪዋ ስም ከላይ ይሁን። ስሙ ጠፍቶ ከሆነ መጥፋቱ ይጻፍ። ዕቃው ከማን እንደመጣና ምን እንደተከፈለበትም እንዲሁ። አያንቶዎቹ፣ ከዋክብት አይተው የፍቼን ቀን የሚቆርጡት አዋቂዎች፣ ለመክፈቻ ቀን ለፎቶ ሳይሆን ገና ኤግዚቢሽኑ ሲታሰብ ይጠሩ። «ይህ አይታይም» ካሉም አይታይ። ለሚያካፍሉት እውቀት ደግሞ እንደማንኛውም አማካሪ ይከፈላቸው፣ ሻይና ትራንስፖርት ሰጥቶ መሸኘት ይብቃ።

ለሚቀጥለው ፍቼ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ይህን አሁን ጀምሩት። ሸክላ ሠሪዎቹን ለማግኘት ጥናት አያስፈልግም። በገበያ ቀን ገበያ ውጡ፣ ሸክላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን ጠይቁና ጻፉ።