ሳይሸጥ የቀረ ሸክላ፣ ሳይጠፋ የቀረ ድምፅ

እንግሊዛዊው ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ኒክ ድሬክ በ1974 በ26 ዓመቱ ሲያርፍ ያወጣው ሦስት አልበም ነበር፤ አንዳቸውም በጊዜው 5,000 ቅጂ አልሞሉም። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።) ዛሬ እንግሊዝ አገር ደህና ሸክላ ቤት የገባ ሰው ሦስቱንም እንደ አዲስ ታትመው ያገኛቸዋል። እኛ ዘንድ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ በየቡና ቤቱ ስትሰማቸው የዋለቻቸው ሸክላዎች ነበሩ፤ የብዙዎቹ ዋና ቅጂ የት እንደገባ የሚነግር ሰው ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። ይህ ያንገበግባል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ደግሞ የድሬክን ሥራ ጠጋ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

የተወለደው በ1948 በርማ፣ ራንጉን ነው፤ ያደገው ዎሪክሺር ውስጥ ታንዎርዝ ኢን አርደን በምትባል መንደር። እናቱ ሞሊ ድሬክም ፒያኖ እየተጫወቱ ዘፈን ይደርሱ ነበር። ካምብሪጅ ሥነ ጽሑፍ ጀምሮ ሳይመረቅ ወጣ። ፌርፖርት ኮንቬንሽን የሚባለው ባንድ አባል አሽሊ ሃችንግስ ለንደን ራውንድሃውስ ሲጫወት አይቶት ለአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ለጆ ቦይድ ጠቆመው፤ የመጀመሪያው አልበም በ1969 ወጣ።

ሙዚቃውን የሚለየው ቅኝቱ ነው። የተለመደው የጊታር ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሚ-ላ-ሬ-ሶል-ሲ-ሚ ነው። ድሬክ «ፒንክ ሙን» የሚለውን ዘፈኑን የተጫወተው ዶ-ሶል-ዶ-ፋ-ዶ-ሚ ቃኝቶ፣ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን ማሰሪያ) አስሮ ነው። ስድስተኛው ክር ሁለት ሙሉ ድምፅ ይወርዳል፤ አምስተኛው፣ አራተኛውና ሦስተኛው አንድ አንድ ድምፅ፤ ሁለተኛው ግማሽ ድምፅ ይወጣል፤ የማይነካው ቀጭኑ ሚ ብቻ ነው። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ክሮቹ ሲላሉ የጊታሩ አንገት ውጥረቱ ስለሚቀንስ ቀድሞ የተቃኘው ክር መልሶ ከድምፁ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ዙር አይበቃም፣ ከወፍራሙ ተነስቶ ሁለተኛ መዞር ያስፈልጋል። በጣም የላላው ወፍራም ክር ፍሬቱን እየነካ ይንዛዛል። ካፖው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ድምፁን ሽቅብ ይጎትተዋል። ያኔ ጊታር ጫፍ ላይ የሚሰካ ዲጂታል መቃኛ አልነበረም፤ ሁሉም በጆሮ ነው።

ክራር ደርዳሪ ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ሜጀር ትዝታ (ዶ-ሬ-ሚ-ሶል-ላ) ማይነር እንዲሆን ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሌላው አይነካም። ከሜጀር ትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ሬ እና ሶል ግማሽ ይወርዳሉ፣ ሚ ግማሽ ይወጣል። የእኛ ሰው ግን ዘዴ አለው፤ በአንድ ቅኝት የሚሄዱ ዘፈኖችን ያከታትላል፣ ክሩን ሲያጠብቅም ቤቱን ያጫውታል፣ ግጥም ይቀበላል። ያቺ የመቃኛ ጊዜ የዝግጅቱ አካል ናት። የእንግሊዝ ፎክ ክለብም ሕጉ ተመሳሳይ ነው፤ ዘፋኙ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያወጋል፣ ታዳሚው አዝማቹን ይቀበላል።

ድሬክ አያወራም። ጎንበስ ብሎ ይቃኛል፣ ይዘፍናል፣ እንደገና ይቃኛል። በ1969 ሮያል ፌስቲቫል ሆል ሰው ጸጥ ብሎ አደመጠው። በየኮሌጁና በየክለቡ ግን መጠጥ የያዘ ታዳሚ እሱ ሲቃኝ ወሬውን ይጀምራል፤ ለስላሳ ድምፁም ያንን ወሬ አይሰብርም። መድረክ ላይ መውጣት ተወ። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚሸጠው ዘፋኙ ከተማ ለከተማ እየዞረ ነበርና ሽያጩ የወደቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አድጎ ሲጫወት የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል አንድም የለም።

ስቱዲዮ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበር። ሥራው የተቀዳው ለንደን ቼልሲ፣ ሳውንድ ቴክኒክስ በሚባል፣ ቀድሞ የወተት ማከፋፈያ በነበረ ቤት ነው፤ ድምፁን የቀረጸው ባለሙያ ጆን ውድ ይባላል። ለመጀመሪያው አልበም የተመደበለትን አቀናባሪ ሥራ አልወደደውም፤ ገና ስም ያልነበረው የካምብሪጅ ጓደኛው ሮበርት ከርቢ ያቀናብርልኝ ብሎ ጸና። አንድ ዘፈን ግን ከርቢ አልደፈረውም፤ «ሪቨር ማን» በአምስት ምት የሚሄድ ስለሆነ የክር መሣሪያዎቹን ቅንብር ሃሪ ሮቢንሰን ሠራው። ሁለተኛው አልበም በ1971 ከበሮም፣ ነፋስ መሣሪያም ይዞ መጣ። ለእኔ ጆሮ ትልቁ ሦስተኛው ነው፤ በጥቅምት 1971 በሁለት ሌሊት ተቀድቶ አለቀ። ቀን ስቱዲዮው ስለሚያዝ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ጀመሩ። አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታር፣ በአንድ ዘፈን ላይ ጥቂት ፒያኖ፤ 11 ዘፈን፣ 28 ደቂቃ ገደማ። አውራ ጣቱ ባሱን ሳያዛንፍ ሲመታ ሌሎቹ ጣቶቹ ከምቱ ውጭ ይገባሉ፣ ድምፁ ደግሞ ከሁለቱም ዘግይቶ ይመጣል። ይህን ለመኮረጅ የሚሞክር ሁሉ የሚሳሳተው አውራ ጣቱ ላይ ነው፤ ዘፈኑን ሲጀምር ባሱ ይፈጥንበታል።

ከዚያ በድብርት ብዙ ተሰቃይቶ ኅዳር 1974 በወላጆቹ ቤት አረፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጆ ቦይድ ድርጅቱን ለአይላንድ ሬኮርድስ ሸጦ ወደ አሜሪካ ሲመለስ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፤ የኒክ ድሬክ አልበሞች ቢሸጡም ባይሸጡም ከካታሎግ አይወጡም። በዚህች ቃል ምክንያት ሸክላዎቹ ገበያ ላይ ቆዩ፤ በ1979 ሦስቱ በአንድ ሳጥን ታተሙ። በ1999 መጨረሻ ቮልክስዋገን በአሜሪካ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ «ፒንክ ሙን»ን ሲያሰማ፣ ዘፈኑን የወደደ ሰው በማግስቱ ሄዶ የሚገዛው አልበም ነበረ። ፈቃድ የሚሰጥ፣ ገንዘብ የሚቀበል ባለመብትም ይታወቅ ነበር።

በዚያው በ1969 አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ብቸኛ መብት ተጋፍጦ አምሃ ሬኮርድስን መሠረተ። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ዙር ሸክላና ከ10 በላይ ትልልቅ አልበሞች አወጣ፤ ደርግ ሥልጣን በመያዙም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ያ ሥራ ለዓለም ዳግም የተሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ገደማ ጀምሮ ፓሪስ ባሳተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ነው። የክራሯ እመቤት አስናቀች ወርቁ 16ኛውን ይዛለች። ፋልሴቶ ባይደክም ኖሮ ስንቱ ይቀር እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

ሕጉም ይለያያል። እንግሊዝ ቀረጻን ለ70 ዓመት፣ ግጥምና ዜማን ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ትጠብቃለች። የእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቀረጻ 50፣ ለደራሲ ዕድሜውን ሙሉና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል። በዚህ ስሌት የብዙ አሮጌ ሸክላ የቀረጻ ዘመን አልቋል ወይም እያለቀ ነው፤ የግጥምና የዜማው መብት ግን በቤተሰብ እጅ ገና ይቆያል። ያንን ለማስከበር ማን ምን እንደሠራ መታወቅ አለበት።

ለንደን ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሙዚቃ ለማሰማት የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ ፒአርኤስ በሚባል ሰብሳቢ ድርጅት በኩል ለደራሲዎች፣ ፒፒኤል በሚባል ሌላ ድርጅት በኩል ለተጫዋቾችና ለቀረጻው ባለቤት። ያልተመዘገበ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ቢጮህ ለባለቤቱ ሳንቲም አያመጣም። መረጃው ደግሞ በእጃችን ነበር። የእኛ ካሴት ወረቀት ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እያለ የእያንዳንዱን ስም ለየብቻ ይጽፋል፤ ይህ ብዙ የፈረንጅ አልበም ላይ የማይገኝ ጥንቃቄ ነው። ካሴቱ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ግን የሚቀረው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ ካሴት ያለው ሰው ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ስካን ያድርግ፣ ፋይሉንም ከድምፁ ጋር በአንድ ፎልደር ያኑር። የማጫወቻውን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረግ። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ወደ ሄዱ የሚገፋው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ እንደሆነ ይመልከት፤ ከወደቀ ድምፁ ይታፈናል፣ ይቆራረጣል። ድምፁ ደብዘዝ ካለ የሄዱን ማዘንበያ ብሎን በትንሹ እያዞረ ጥርት የሚልበትን ቦታ ይፈልግ፣ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደ አዲስ። ሲቀዳም ባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል ያድርገው፤ ኤምፒ3 ከዚያ ይወጣል፣ ከኤምፒ3 ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። በ2025 የወጣው የድሬክ የመጀመሪያ አልበም ስብስብ ውስጥ የገባ አንድ የ1968 ቀረጻ የተገኘው ዘፋኟ ቤቨርሊ ማርቲን ካስቀመጠችው አንድ ሪል (የቴፕ ጥቅል) ላይ ነው።